ፍሰት (የስፖርት ሥነ ልቦና)

ፍሰት (በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ፍሎው») ማለት አንድ ሰው በሚሠራው ሥራ ሙሉ በሙሉ ተውጦ፣ ትኩረቱ ሳይከፋፈል፣ እንቅስቃሴው ያለ ግፊት በራሱ የሚሄድ ሲመስለው የሚገኝበት የአእምሮ ሁኔታ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ያስተዋወቀው የሃንጋሪ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ነው። ፍሰት በሙዚቃ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በቼዝና በሌሎችም ሥራዎች ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በታላላቅ አትሌቶች ዘንድ ስለሚታየው ፍሰት እና ፍሰት ከከፍተኛ ብቃት ጋር ስላለው ግንኙነት ነው።

ፍሰት ብዙ ጊዜ የአሸናፊነት ምስጢር ተደርጎ ይነገራል። በስፖርት ሥነ ልቦና የተደረጉ ጥናቶች ግን ሦስት ነገሮችን ለይተው ያሳያሉ፦ ፍሰት ከማሸነፍ ጋር አንድ አይደለም፤ በትእዛዝ አይመጣም፤ ለረጅም ጊዜ የተሠራ ልምምድንም አይተካም። አትሌቱ ማድረግ የሚችለው ፍሰት የሚፈጠርባቸውን ሁኔታዎች ማመቻቸት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጥናቱ አመጣጥ

ቺክሰንትሚሃይ በ1934 በፊዩሜ ከተማ (በዛሬዋ ክሮኤሺያ ርየካ) ከሃንጋሪ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጠና። ሠዓሊዎችን ሲያጠና አንድ ነገር ትኩረቱን ሳበው። ሠዓሊዎቹ ሥዕሉን በሚሠሩበት ጊዜ ረሃብንና ድካምን እስኪረሱ ድረስ ይጠመዱበታል፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ግን ወደ ጎን አድርገውት ሌላ ይጀምራሉ። ይህ የሚያሳየው የሚስባቸው የሥራው ውጤት ወይም ሽልማቱ ሳይሆን ሥራው ራሱ መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ ቋጥኝ የሚወጡ ሰዎችን፣ የቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችን፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን አነጋግሮ በ1975 የመጀመሪያውን ሰፊ ጥናት በመጽሐፍ አሳተመ። «ፍሰት» የሚለው ስያሜ የመጣው ከተጠያቂዎቹ ነው፤ ብዙዎቹ ስሜቱን ሲገልጹ በወራጅ ውኃ እንደመወሰድ ነው ብለው ነበርና። በ1990 ያሳተመው «ፍሎው» የተሰኘው መጽሐፍ ሐሳቡን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ላሉ አንባቢዎች አደረሰ። ቺክሰንትሚሃይ በ2021 አርፏል።

በስፖርት ዘርፍ ጥናቱን በስፋት ያካሄደችው አውስትራሊያዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ጃክሰን ናት። ከቺክሰንትሚሃይ ጋር በመሆን በ1999 በስፖርት ውስጥ ስላለው ፍሰት አንድ መጽሐፍ ጽፋለች።

ዘጠኙ መገለጫዎች

በጥናቶቹ መሠረት ፍሰት ዘጠኝ መገለጫዎች አሉት።

1. የፈተናና የችሎታ መመጣጠን፦ ሥራው ከባድ ነው፤ ሰውየው ግን እንደሚችለው ይሰማዋል።
2. የድርጊትና የአእምሮ መዋሐድ፦ ሯጩ «አሁን እግሬን ላንሳ» ብሎ አያስብም፤ ይሮጣል።
3. ግልጽ ግብ፦ በእያንዳንዱ ቅጽበት ምን መደረግ እንዳለበት ይታወቃል።
4. ፈጣን ምላሽ፦ የተደረገው ነገር ትክክል መሆኑና አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል።
5. በሥራው ላይ ሙሉ ትኩረት፦ ከውድድሩ ውጭ ያለው ሐሳብ ቦታ አያገኝም።
6. የመቆጣጠር ስሜት፦ ሁሉም ነገር በእጅ እንዳለ ይሰማል፤ የመውደቅ ፍርሃት ይጠፋል።
7. ስለ ራስ መጨነቅ መቅረት፦ «ሰዎች ምን ይሉኛል?» የሚለው ጥያቄ ይረሳል።
8. የጊዜ ስሜት መለወጥ፦ ሰዓታት እንደ ደቂቃ ያልፋሉ፤ ወይም በተቃራኒው አንድ ሰከንድ የተዘረጋ ይመስላል።
9. ሥራው በራሱ ዋጋ መሆኑ፦ ሰውየው ሽልማት ባይኖር እንኳ ድርጊቱን ይወደዋል።

እነዚህ መገለጫዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መታየት የለባቸውም። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚታዩት ፍሰትን እንደሚያመጡ ሁኔታዎች ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ በፍሰት ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው ስሜት መግለጫዎች ናቸው።

ፍሰት የሚፈጠርበት ሁኔታ

የጽንሰ ሐሳቡ መሠረት የፈተናና የችሎታ ሚዛን ነው። ፈተናው ከችሎታው በጣም ከበለጠ ጭንቀት ይመጣል። ችሎታው ከፈተናው ከበለጠ ደግሞ መሰላቸት ይከተላል። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ ሰውየው ግድ የለሽ ይሆናል። ፍሰት የሚጠበቀው ፈተናውም ችሎታውም ከፍ ብለው ሲመጣጠኑ ነው።

ለምሳሌ 10,000 ሜትርን በ28 ደቂቃ የሚሮጥ አትሌት በ35 ደቂቃ ፍጥነት እንዲሮጥ ቢደረግ ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። በ26 ደቂቃ ፍጥነት ቢጀምር ደግሞ ከጥቂት ዙር በኋላ ይደክምና ይጨነቃል። በ27 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፍጥነት ሲሮጥ ግን እያንዳንዱ ዙር ሙሉ ትኩረቱን ይጠይቃል፤ ሆኖም ከአቅሙ በላይ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ፍሰት ለታላላቅ አትሌቶች ብቻ የተሰጠ ስጦታ አለመሆኑን ነው። በሠፈር ሜዳ ኳስ የሚጫወት ልጅም ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠን ተጋጣሚ ሲያገኝ ሊሰማው ይችላል። ታላላቅ አትሌቶችን የሚለያቸው ሚዛኑ የሚገኝበት ከፍታ ነው፤ ያንን ከፍታ ያመጣው ደግሞ የዓመታት ልምምድ ነው።

በአንጎል ውስጥ ስላለው ሂደት

አዲስ እንቅስቃሴ የሚማር ሰው እያንዳንዱን እርምጃ እያሰበ ይሠራል። ልምምዱ ሲደጋገም እንቅስቃሴው ሳያስቡት የሚሠራ ይሆናል። መኪና መንዳት የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ላይ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና መሪ በአንድ ላይ ያስጨንቁታል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ ይነዳል። በፍሰት ውስጥ የሚገኝ አትሌት አካሉን ለዚህ ዓይነቱ የተዋሐደ ልምድ ይተወዋል፤ ነፃ የወጣው ትኩረቱም በውድድሩ ላይ ይውላል።

የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው አርነ ዲትሪክ በ2004 ባቀረበው መላ ምት በፍሰት ጊዜ ራስን የሚመረምረውና ዕቅድ የሚያወጣው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ ለጊዜው ይረግባል ብሏል። ይህ ሐሳብ ስለ ራስ መጨነቅ የሚጠፋበትንና የጊዜ ስሜት የሚለወጥበትን ምክንያት ለማብራራት ይረዳል። ሆኖም መላ ምት ነው። በሩጫ ወይም በዋና ላይ ያለን ሰው አንጎል በትክክል መቅረጽ አስቸጋሪ በመሆኑ በውድድር ሜዳ ማረጋገጥ ቀላል አይደለም።

ፍሰት ረጅም ርቀት ከሮጡ በኋላ ከሚሰማው የደስታና የመቅለል ስሜት መለየት አለበት። ያ ስሜት በሰውነት ውስጥ ከሚመነጩ ንጥረ ነገሮች ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፍሰት ግን በዋናነት የትኩረት ጉዳይ ነው።

ፍሰትና ከፍተኛ ብቃት

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጌይል ፕሪቬት በ1983 ሦስት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይታ አስቀምጣለች። ከፍተኛ ብቃት ማለት ሰው ከተለመደው አቅሙ በላይ ሲሠራ የሚታይ ውጤት ነው። ከፍተኛ ተሞክሮ ደግሞ የላቀ የደስታ ስሜት ነው። ፍሰት ከሁለቱም ይለያል፤ ሥራው ራሱ የሚያረካበት የተሞክሮ ዓይነት ነው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ግን የግድ አብረው አይመጡም።

ስለዚህ ውጤትን ብቻ አይቶ አትሌቱ በፍሰት ውስጥ ነበር ማለት አይቻልም። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27:18.20 ሲያሸንፍ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27:18.29 ሁለተኛ ወጥቷል። ከ27 ደቂቃ በላይ ሩጫ በኋላ ልዩነታቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ከነበረው ልዩነት እንኳ ያንሳል። እንዲህ ባለው ውድድር ሁለተኛ የወጣው አትሌት ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሜዳሊያው የሚነግረን ማን እንደቀደመ እንጂ በሯጮቹ ውስጥ ምን እንደነበረ አይደለም።

ተመራማሪው ክርስቲያን ስዋንና ባልደረቦቹ በ2017 ሌላ ልዩነት አሳይተዋል። አትሌቶች ጥሩ ስለሠሩበት ውድድር ሲጠየቁ ሁለት ዓይነት ገጠመኝ ይናገራሉ። አንደኛው ፍሰት ነው፤ አትሌቱ «ነገሩ እንዲሆን ይተወዋል»፤ ድካሙ ይቀላል፣ ግቡ ክፍት ነው፣ ለምሳሌ «ምን ያህል መሄድ እንደምችል ልየው» ዓይነት። ሁለተኛው በወሳኝ ሰዓት የሚታይ የትግል ሁኔታ ነው፤ አትሌቱ «ነገሩ እንዲሆን ያደርገዋል»፤ የሚያስፈልገውን ያውቃል፣ ሆን ብሎ ጥረቱን ይጨምራል፣ ድካሙም በደንብ ይሰማዋል። ሁለቱም ጥሩ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፤ በአንድ ውድድር ውስጥም ሊፈራረቁ ይችላሉ። በመጨረሻው ዙር ጥርሱን ነክሶ የሚሮጥ አትሌት ፍሰት ስላልተሰማው ጎደለ ማለት አይደለም።

ሲቋረጥ

ፍሰት በቀላሉ ይቋረጣል። በጣም የሚታወቀው ምክንያት አትሌቱ በጫና ስር ሆኖ በልምድ የሚሠራውን እንቅስቃሴ እንደገና እያሰበ ለመሥራት ሲሞክር ነው። አሜሪካዊው ሮይ ባውማይስተር በ1984 ባሳተመው ጥናት ጫና ሰውን ወደ ራሱ እንዲመለከት እንደሚያደርገውና ይህም የለመደውን እንቅስቃሴ እንደሚያበላሸው አስረድቷል። ሪች ማስተርስም በ1992 እንቅስቃሴውን በብዙ ሕግና መመሪያ የተማረ ሰው በጫና ጊዜ ይበልጥ ለመሰናከል እንደሚጋለጥ የሚጠቁም ጥናት አውጥቷል።

በ1993 የዊምብልደን የሴቶች ቴኒስ ፍጻሜ ቼካዊቷ ያና ኖቮትና ጀርመናዊቷን ስቴፊ ግራፍን በወሳኙ ሦስተኛ ዙር 4 ለ 1 እየመራች 5 ለ 1 ለማድረግ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተከታታይ ስህተት ሠርታ 6 ለ 4 ተሸነፈች። ይህ ጨዋታ በጫና ስር ለመሰናከል ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ኖቮትና በ1998 ተመልሳ ያንኑ ዋንጫ ማንሳቷ ነው።

ጫና ሲላላም ትኩረት ሊጠፋ ይችላል። በ1988 በሞናኮ የፎርሙላ 1 ውድድር ብራዚላዊው አይርተን ሴና የመነሻ ቦታን በሚወስነው የማጣሪያ ሙከራ፣ ተመሳሳይ መኪና የሚነዳውን የቡድን ባልደረባውን አለን ፕሮስትን በ1.427 ሰከንድ በለጠው። ሴና ከጊዜ በኋላ ስለዚያ ሙከራ ሲናገር መኪናውን አስቦ እየነዳ እንዳልነበረ፣ ከማሰብ በላይ የሆነ ቦታ ላይ እንደነበረ፣ ይህን ሲያውቅም ፈርቶ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደተመለሰ ገልጿል። በማግስቱ በውድድሩ ብዙ ርቀት ቀድሞ እየመራ ሳለ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ተነገረው፤ በ67ኛው ዙር ብቻውን ከመንገድ ዳር መከላከያ ጋር ተጋጨ፤ ፕሮስትም አሸነፈ። በሁለት ቀን ውስጥ የታየው ይህ ገጠመኝ ፍሰት ከአንድ ቀን ወደ ሌላው እንደማይተላለፍ ያሳያል። ከፈተናና ከችሎታ ሚዛን አንጻር ሲታይም ፈተናው በድንገት ሲቀልል ትኩረትም አብሮ ሊላላ እንደሚችል ያመለክታል።

በጂምናስቲክ የአካልና የአእምሮ መለያየት ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የቡድን ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በመዝለያው ላይ በአየር ውስጥ ሁለት ዙር ተኩል ልትሽከረከር አስባ አንድ ዙር ተኩል ብቻ ሠርታ አረፈች። በአየር ላይ ሳለች አካሏ የት እንዳለ ማወቅ አልቻለችም ነበር። ጂምናስቶች ይህን ሁኔታ «ትዊስቲስ» ይሉታል። ባይልስ ከቀሪዎቹ የቡድን ውድድሮች ራሷን አገለለች፤ ብዙዎች ሲደግፏት አንዳንዶች በድክመት ከሰሷት። በራስ ቅል ወይም በአንገት ማረፍ በሚቻልበት ስፖርት ውስጥ ግን ውሳኔዋ የሙያ ዕውቀት ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በሚዛን አግዳሚው የነሐስ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያዎች አግኝታለች።

በረጅም ርቀት ሩጫ

በማራቶን ፍሰት ማለት ሕመምን መርሳት ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ በ1977 ባሳተሙት ጥናት ግን ከዚህ የተለየ ነገር አገኙ። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሯጮች ድካሙን ለመርሳት ስለ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ታላላቆቹ ግን በአብዛኛው አተነፋፈሳቸውን፣ የእግራቸውን ስሜትና ፍጥነታቸውን ይከታተሉ ነበር። ይህ ማስተርስ ካገኘው ጋር አይጋጭም። «ትንፋሼ ምን ይመስላል? ፍጥነቴን ልጠብቅ ወይስ ልቀንስ?» ብሎ አካልን ማዳመጥ አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ጀማሪ ለመቆጣጠር መሞከር ደግሞ ሌላ።

በሩጫ ግልጽ ግብና ፈጣን ምላሽ የሚሰጡ መንገዶች አሉ። ዋነኞቹ አሯሯጮች ናቸው። ከአሯሯጭ ኋላ የሚሮጥ አትሌት ፍጥነቱን በየጊዜው ማስላት አይጠበቅበትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በመሮጫው የውስጥ ጠርዝ ላይ ተደርድረው በኮምፒዩተር በተወሰነ ፍጥነት የሚበሩ መብራቶች መጥተዋል። በጥቅምት 2020 በስፔን ቫሌንሲያ ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14:06.62 ስትሮጥ እነዚህ መብራቶች አገልግለዋል። በዚህም ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በኦስሎ በ14:11.15 አስመዝግባው የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ተሻሽሏል። መብራቱ ለሯጯ በእያንዳንዱ ቅጽበት ከዕቅዷ ቀድማ ወይም ዘግይታ እንደሆነ ይነግራታል። ይህም ከዘጠኙ መገለጫዎች ሦስተኛውንና አራተኛውን በመሣሪያ ማሟላት ነው። የቀረው፣ ማለትም ያንን ፍጥነት የሚችል አካልና የሚጸና ትኩረት፣ ከመብራቱ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ሯጮች ዘንድ የተለመደው በቡድን ተከታትሎ መሮጥም በዚህ ዓይን ሊታይ ይችላል። ከፊት ያለው ሯጭ እግር ምት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ያንን ምት ይዞ ይሄዳል።

ማመቻቸት ይቻላል?

ጃክሰን ያነጋገረቻቸው አትሌቶች ፍሰትን ያመጡልናል ካሏቸው ነገሮች መካከል ጥሩ የአካልና የአእምሮ ዝግጅት፣ በራስ መተማመን፣ ትክክለኛ ትኩረትና ተነሣሽነት ይገኙበታል። ጉዳት፣ ያልተጠበቀ የአየር ሁኔታ፣ የዳኛ ውሳኔና ስለ ውጤት ማሰብ ደግሞ ያቋርጡታል። ከእነዚህ ጥቂቱ በአትሌቱ እጅ ነው፤ ጥቂቱ አይደለም። በተግባር የሚሠራባቸው መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

- ቋሚ የዝግጅት ሥርዓት፦ ከቅጣት ምት ወይም ከሰርቭ በፊት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ፤ ይህም ትኩረትን ወደ ሥራው ይመልሳል።
- ትኩረትን ወደ ውጭ ማድረግ፦ ገብርየለ ቩልፍ ያካሄደቻቸው ጥናቶች ከራስ እጅ ወይም እግር ይልቅ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ማተኮር፣ ለምሳሌ ኳሱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ እንደሚሠራ ያሳያሉ።
- የሂደት ግብ፦ «ማሸነፍ አለብኝ» ከማለት «ይህን ዙር በዚህ ሰዓት» ማለት።
- በአሁኑ ላይ የመቆየት ልምምድ፦ ሐሳብ ሲሸሽ አስተውሎ ወደ ትንፋሽ ወይም ወደ ምት መመለስ።
- የፈተናውን ልክ መምረጥ፦ አሠልጣኙ ልምምዱን ከአትሌቱ አቅም በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ማዘጋጀት።

አለካኩና ትችቶች

ጃክሰንና ኸርበርት ማርሽ በ1996 ባወጡት መለኪያ አትሌቱ ከውድድር በኋላ 36 ዓረፍተ ነገሮችን ይመዝናል፤ ለእያንዳንዱ መገለጫ አራት አራት ማለት ነው። መለኪያው በስፋት ይሠራበታል፤ ግን ጉድለት አለው። ሯጭን በሩጫ ላይ እያለ ማቆምና መጠየቅ አይቻልም፤ ማቆሙ ራሱ ፍሰቱን ያጠፋዋል። ከውድድር በኋላ የሚሰጥ መልስ ደግሞ በውጤቱ ሊቀየር ይችላል፤ ያሸነፈ ሰው ውድድሩን አሳምሮ ማስታወሱ አይቀርም።

ሌላው ትችት የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው። ፍሰትና ጥሩ ውጤት አብረው መታየታቸው ፍሰት ውጤቱን አመጣው ማለት አይደለም። ጥሩ መሮጥ የጀመረ አትሌት በዚያው ምክንያት ፍሰት ሊሰማው ይችላል። እንዲሁም የፈተናና የችሎታ መመጣጠን ፍሰትን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነው ወይስ የፍሰቱ አካል ነው የሚለው በተመራማሪዎች መካከል ያከራክራል።

ከዚህ ሁሉ ለአትሌትም ለአሠልጣኝም የሚተርፈው ተግባራዊ ትርጉም ፍሰትን ግብ አለማድረግ ነው። «አሁን ፍሰት ውስጥ ነኝ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሯጭ ትኩረቱን ከሩጫው አንሥቶ ወደ ራሱ አዙሯል፤ ያ ደግሞ ፍሰትን ከሚያቋርጡት ነገሮች ዋነኛው ነው።